ለጀማሪ ፎርኢች ብቻ ይበቃል? በፒኤችፒ ሉፕ ላይ የተከፈተ ክር ከነመልሶቹ

የመክፈቻው ጽሑፍ

ክሩን፣ ማለትም የመድረክ ውይይቱን፣ የከፈተው የፒኤችፒ (በሰርቨር ላይ ድረ ገጽ የሚያዘጋጅ የፕሮግራም ቋንቋ) ጀማሪ ነው፤ ችግሩን ግን አጥርቶ አስቀምጧል። በአንድ አሬይ (ዋጋዎችን በቁልፍ በቁልፍ የሚይዝ ዝርዝር) ውስጥ 50 ዕቃዎች አሉት። በፎር ሉፕ (በቆጣሪ እየዞረ ኮድን የሚደጋግም ትእዛዝ) ከ0 እየቆጠረ እያንዳንዱን ዕቃ በሠንጠረዥ ረድፍ ያወጣል። የማቆሚያው ሁኔታ ቆጣሪው ከካውንት (የአሬዩን ዕቃዎች ብዛት የሚመልስ ትእዛዝ) ውጤት ያነሰ ወይም እኩል እስከሆነ ድረስ ቀጥል የሚል ነው። ገጹን ሲከፍት 50ው ረድፍ በትክክል ይወጣና ከሥሩ አንድ ባዶ ረድፍ ይጨመራል፤ 50 የሚባል ቁልፍ በአሬዩ ውስጥ የለም የሚል ማስጠንቀቂያም ይመጣል። ይህ አንዱ ነው። ሁለተኛው፣ ከሽያጭ የወጡ ሦስት ዕቃዎችን አንሴት በሚባለው የመሰረዣ ትእዛዝ ከሰረዘ በኋላ መሃል መሃል ላይ ባዶ ረድፎች መታየት ጀመሩ። ጽሑፉን የዘጋው በጠንካራ አቋም ነው፦ ፎር፣ ዋይል (ሁኔታው እውነት እስከሆነ የሚዞር ሉፕ) እና ዱ ዋይል (አንድ ጊዜ ሠርቶ ከዚያ ሁኔታውን የሚፈትሽ) ለጀማሪ ትርፍ ሸክም ናቸው፣ ሰርቨር ላይ ለሚሠራ ሰው ፎርኢች (የአሬይን ዕቃዎች አንድ በአንድ የሚያነሳ ሉፕ) ብቻ ቢማር ይበቃዋል። ክሩን ያስረዘመው ከጥያቄው ይልቅ ይህ አቋም ነው።

መልስ 1

የመጀመሪያው መላሽ በትሕትና ነው የገባው። ጠያቂውን እርስዎ እያለ፣ ችግሩን ከነኮዱ በማቅረቡ አመስግኖ ወደ ነገሩ አለፈ። የአሬይ ቁልፍ ከ0 ስለሚጀምር 50 ዕቃ ያለው አሬይ የመጨረሻ ቁልፉ 49 ነው። ሁኔታው እኩልን ከጨመረ ሉፑ 51 ዙር ይዞራል፤ 51ኛው ዙር የሚጠይቀው የሌለ ቁልፍ ነው። እኩል የሚለውን አውጥቶ ያነሰ የሚለውን ብቻ ማስቀረት ይበቃል። ከዚህ ጋር ጠቃሚ ነገር አከለ። ፒኤችፒ 8 ይህን ስህተት እንደ ማስጠንቀቂያ ያወጣዋል፤ በፒኤችፒ 7 ግን ደረጃው ዝቅ ያለ ማሳሰቢያ ብቻ ነበር። ስለዚህ በቆየ ሰርቨር ላይ ባዶው ረድፍ ታይቶ መልእክቱ ካልታየ፣ የስህተት ማሳያው ጠፍቶ ሊሆን ስለሚችል ሎጉን (የስህተት መዝገቡን) ከፍቶ ማየት ያስፈልጋል።

መልስ 2

ሁለተኛው መላሽ የመጀመሪያውን አላጣጣለም፤ በዚያ እርማት ብቻ መቆም ግን አደገኛ መሆኑን አሳየ። ከክሩ ሁሉ ይበልጥ ዋጋ ያለው መልስ ይህ ይመስለኛል። አንሴት ዕቃውን ከነቁልፉ ያወጣዋል እንጂ የቀሩትን አያጠጋጋም። ቁልፍ 5፣ 12 እና 30 ቢሰረዙ ካውንት 47 ይላል፤ የመጨረሻው ቁልፍ ግን አሁንም 49 ነው። የታረመው ሉፕ ከ0 እስከ 46 ይሄዳል። በመንገዱ ሦስት ጉድጓድ ያገኛል፤ ባዶዎቹ ረድፎች እነሱ ናቸው። በ47፣ 48 እና 49 ላይ ያሉት ሦስት ዕቃዎች ደግሞ ጨርሶ አይደረስባቸውም፣ ለነሱም አንድም ማስጠንቀቂያ አይወጣም። ዓይን የሚያርፈው ባዶው ረድፍ ላይ ስለሆነ ጀማሪው ባዶውን በኢፍ (በሁኔታ ፍተሻ) ይሸፍነዋል፤ ሠንጠረዡ ያምርበታል፤ ሦስቱ ዕቃዎች ግን ከገጹ እንደጠፉ ይቀራሉ።

መውጫው ሁለት ነው። ወይ ከስረዛው በኋላ አሬዩን በአሬይ ቫልዩስ አሳልፎ ቁልፎቹን ከ0 እንደገና ማስቆጠር፣ ወይ በፎርኢች መዞር። ፎርኢች ያለውን ቁልፍ ብቻ ስለሚከተል ጉድጓዱን አያየውም። መላሹ ዕቃዎችን የሚያጣራው አሬይ ፊልተርም ቁልፎችን እንዳሉ እንደሚያስቀር አስታውሷል፤ አንሴትን ነክቶ የማያውቅ ሰውም በዚያ በኩል እዚሁ ጉድጓድ ውስጥ ይገባል።

መልስ 3

አጭር ነው። ከጠያቂው አቋም ጋር ሙሉ በሙሉ ይስማማል፣ አንድ ምክርም ያክላል። በኤችቲኤምኤል (የድረ ገጽ መጻፊያ ቋንቋ) መሃል ፎርኢች ሲጻፍ ከጥምዝ ቅንፍ ይልቅ በሁለት ነጥብ ከፍቶ በኤንድፎርኢች መዝጋት ይሻላል። ገጹ ሲረዝም ብቻውን የቆመ ጥምዝ ቅንፍ የኢፍ ይሁን የሉፕ አይለይም፤ ኤንድፎርኢች ግን ስሙን ይዞ ይዘጋል።

መልስ 4

እዚህ ላይ ነው ክርክሩ የተነሳው። አራተኛው መላሽ ፎርኢች የአብዛኛው ሥራ መሣሪያ መሆኑን ተቀብሎ፣ ብቻውን ይበቃል የሚለውን አልተቀበለም። ሉፕ የሚመረጠው ምን ያቆመዋል በሚለው ጥያቄ ነው ይላል። የሚያቆመው የዕቃዎቹ ማለቅ ከሆነና ዕቃዎቹ ከእጅ ላይ ካሉ ፎርኢች ነው። የሚያቆመው አስቀድሞ የታወቀ ቁጥር ከሆነ ፎር ነው፤ ከገጽ 1 እስከ ገጽ 12 የሚወስዱ ሊንኮችን ማውጣት ወይም ያልተሳካ ግንኙነትን ቢበዛ 3 ጊዜ መሞከር አሬይ የለውም፣ ፎርኢች የሚይዘው ነገር አያገኝም። የሚያቆመው ከውጭ የሚመጣ መልስ ከሆነ፣ ለምሳሌ የዳታቤዝ ረድፍ ወይም የፋይል መስመር ማለቅ፣ ዋይል ነው። ዱ ዋይል የሚፈለገው ሥራው አንድ ጊዜ ሳይሠራ መቆም አለመቆሙን ማወቅ በማይቻልበት ቦታ ነው። የዘፈቀደ ኮድ ፈጥሮ በዳታቤዝ ውስጥ እንደሌለ ማረጋገጥ እንደዚያ ነው፤ ኮዱ ካልተፈጠረ የሚፈተሽ ነገር የለም። ከሌላ ሰርቨር ውጤትን በገጽ በገጽ መቀበልም እንዲሁ፤ ሁለተኛ ገጽ መኖሩ የሚታወቀው የመጀመሪያው ከመጣ በኋላ ነው።

እኔም ከዚህ ጋር ነኝ። ጀማሪ አራቱን ሉፕ እንደ አራት የሰዋስው ሕግ ሲሸመድድ ይሰለቻል። የሚያቆመው ምንድን ነው ብሎ ሲጠይቅ ግን ምርጫው ራሱ ይወጣል።

መልስ 5

ይህ መላሽ ከርዕሱ ትንሽ ወጣ ብሎ ፎርን በፍጥነት አስመሰገነው። ፎር ከፎርኢች ይፈጥናል፣ ደግሞም ካውንት በየዙሩ አሬዩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ስለሚቆጥር ከሉፑ በፊት በቫሪያብል (ዋጋ በሚይዝ ስም) መያዝ ግዴታ ነው አለ።

መልስ 6

መልሱ ወዲያው መጣ፣ ድምፁም ጠንካራ ነው። ስድስተኛው መላሽ እርስዎ ማለቱን ትቶ በአንተ ነው የመለሰው። የፒኤችፒ አሬይ የዕቃዎቹን ብዛት ከራሱ ጋር ይዞት ነው የሚኖረው፤ ካውንት ያንን ቁጥር አንብቦ ይመልሳል እንጂ አይቆጥርም። 50 ዕቃ ላይም ሆነ 50,000 ዕቃ ላይ ዋጋው ያው ነው። የፎርና የፎርኢች ልዩነትም በአንድ ገጽ ላይ የሚሰማ አይደለም። ሁኔታው ውስጥ የተቀመጠው ፈንክሽን (በስሙ የሚጠራ ኮድ) ራሱ ዳታቤዝ የሚጠይቅ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ በየዙሩ ይጠራልና ያ ከሉፑ በፊት መውጣት አለበት።

ቁጣው የመጣው ከዚህ ቀጥሎ ነው። ሰው ስለ ካውንት ሲጨቃጨቅ በሉፑ ሆድ ውስጥ ያለውን ኪዌሪ (ለዳታቤዝ የሚላክ ጥያቄ) አያየውም ይላል። 50 ዕቃ አውጥቶ ለእያንዳንዱ የምድቡን ስም በሌላ ኪዌሪ የሚያመጣ ገጽ 51 ኪዌሪ ይልካል። አንዱ 2 ሚሊሰከንድ ቢፈጅ እንኳ ገጹ ከ100 ሚሊሰከንድ በላይ በመጠበቅ ያልፋል፤ ዳታቤዙ በሌላ ማሽን ላይ ከሆነ በየኪዌሪው የኔትወርክ ምልልስ ይጨመርበታል። በሙከራ ጊዜ 5 ዕቃ ስለሚኖር ምንም አይታይም፤ ዕቃው ሲበዛ ገጹ በዚያው ልክ ይከብዳል። ይህ እውነት ነው። ለጀማሪ መነገሩም ይገባል፣ ቃሉ ግን ለስለስ ቢል ኖሮ ይበልጥ ይሰማ ነበር።

መልስ 7 እና 8

ሰባተኛው በአንድ መስመር መውጫውን ጠየቀ። ስምንተኛው በዝርዝር መለሰ። የመጀመሪያው መንገድ ጆይን (ሁለት የዳታቤዝ ሠንጠረዦችን ማያያዝ) ነው፤ ዕቃውና የምድቡ ስም በአንድ ኪዌሪ ይመጣሉ፣ ሉፑ ማሳየት ብቻ ይቀረዋል። ጆይኑ ሲወሳሰብ ሁለተኛው መንገድ ይመጣል፦ መጀመሪያ ዕቃዎቹን ማምጣት፣ የምድብ ቁጥሮቻቸውን በአሬይ ኮለም መሰብሰብ፣ የተደጋገሙትን በአሬይ ዩኒክ ማውጣት፣ ከዚያ ኢን በሚለው ቃል ምድቦቹን ሁሉ በአንድ ኪዌሪ ማምጣት፣ ውጤቱን የምድቡ ቁጥር ቁልፍ በሆነበት አሬይ ማስቀመጥ። ሉፑ ከዚያ በኋላ ስሙን ከአሬዩ ነው የሚያነሳው። 51 የነበረው ኪዌሪ 2 ይሆናል።

ሁለት መሰናክልም አሳይቷል። ዕቃ ከሌለ የኢን ዝርዝር ባዶ ይሆናል፤ የዳታቤዝ ሶፍትዌሩ ማይኤስኪውኤል ባዶ ቅንፍን የሰዋስው ስህተት ብሎ ይመልሰዋል። ስለዚህ አሬዩ ባዶ መሆኑ አስቀድሞ መፈተሽ አለበት። ሁለተኛው ወደ መልስ 2 ይመልሰናል፦ አሬይ ዩኒክም ቁልፎችን እንዳሉ ያስቀራል። ጉድጓድ ያለበትን አሬይ በዋጋዎቹ ቦታ የጥያቄ ምልክት ይዞ ለተዘጋጀ የፒዲኦ (የፒኤችፒ የዳታቤዝ መገናኛ) ኪዌሪ ብንሰጠው፣ ፒዲኦ ቁልፉን እንደ ቦታ ቁጥር ስለሚወስደው የመለኪያ ቁጥሩ አልተገለጸም ብሎ ይቆማል። እዚህም አሬይ ቫልዩስ ያስፈልጋል። ጠያቂው በሠንጠረዡ ያየው ችግር በሌላ ልብስ መምጣቱ ነው።

መልስ 9

ይህ መላሽ ስለ ዋይል ጻፈ። የዳታቤዝ ረድፎች ሲነበቡ በዋይሉ ቅንፍ ውስጥ አንድ የእኩል ምልክት ብቻ ይታያል፤ ጀማሪ የማነጻጸሪያው ድርብ ምልክት የተረሳ ይመስለውና ያርመዋል፣ ሉፑም ይበላሻል። ነጠላው ምልክት ሆን ተብሎ ነው። ፌች አንድ ረድፍ ያመጣል፣ ረድፉ በቫሪያብሉ ይቀመጣል፣ ከዚያ የተቀመጠው ነገር እውነት ነው ወይስ ሐሰት ተብሎ ይመዘናል። ረድፍ ሲያልቅ የፒዲኦ ፌች ፎልስ (ሐሰት) ይመልሳል፣ የሌላው መገናኛ የማይኤስኪውኤልአይ ፌች አሶክ ደግሞ ነል (ዋጋ የለም) ይመልሳል፤ ሁለቱም ሉፑን ያቆማሉ።

ወጥመዱ ያለው አንድ አምድ ብቻ በፌች ኮለም ሲነበብ ነው። በክምችት ብዛት አምድ ላይ 0 ያለው ረድፍ ሲደርስ ሉፑ አለቀ ብሎ ይቆማል፣ ከሱ በኋላ ያሉት ረድፎች አይነበቡም። 0 በፒኤችፒ እንደ ሐሰት ይመዘናልና። መፍትሔው ውጤቱን ከፎልስ ጋር በሦስት ምልክት ጥብቅ ማነጻጸሪያ ማወዳደር ነው፤ አምዱ ራሱ ፎልስ የሚሆን ዋጋ ሊይዝ ከቻለ ደግሞ ሙሉውን ረድፍ መፌች። ፋይል በኤፍጌትስ መስመር በመስመር ሲነበብም ይኸው አለ፤ የመጨረሻው መስመር 0 ብቻ ከሆነና ከኋላው የመስመር መስበሪያ ከሌለው ሳይነበብ ይቀራል። ፋይሉ አላለቀም እያሉ በኤፍኢኦኤፍ መዞርም አይመከርም። ፋይሉ በመስመር መስበሪያ የሚያልቅ ከሆነ፣ ማለቁ የሚታወቀው አንድ ጊዜ ተነብቦ ምንም ሳይገኝ ሲቀር ስለሆነ፣ በመጨረሻ ፎልስ የያዘ አንድ ትርፍ ዙር ይኖራል።

መልስ 10

ክሩ ከዚህ ወደማይቆም ሉፕ ዞረ። አሥረኛው መላሽ ሦስት መነሻ ጠቅሷል። አንዱ በዋይል ውስጥ ቆጣሪውን መጨመር መርሳት ነው። ሁለተኛው ከቅንፉ መዝጊያ ቀጥሎ ሰሚኮለን (;) ማስገባት ነው፤ ዋይል ላይ ሉፑ ባዶ ሆድ ይዞ ለዘላለም ይዞራል። ፎር ላይ ደግሞ ባዶውን 50 ዙር ጨርሶ ከሥሩ ያለው ኮድ አንድ ጊዜ ብቻ ይሠራል፤ በዚያን ጊዜ ቆጣሪው 50 ስለሆነ የጠያቂው ዓይነት ብቸኛ ባዶ ረድፍ ያሳያል። በሠንጠረዡ ላይ አንድ ባዶ ረድፍ ብቻ ካለ መጀመሪያ የሚታየው ይህ ሰሚኮለን ነው። ሦስተኛው በአሥርዮሽ መቁጠር ነው። ከ0 ጀምሮ 0.1 እየጨመሩ 1 እስኪሆን መጠበቅ አይሠራም፤ 0.1 በሁለትዮሽ በትክክል ስለማይጻፍ ከአሥር ጭማሪ በኋላ የሚገኘው 0.9999999999999999 ነው፣ ቀጣዩም 1ን ያልፋል። በሙሉ ቁጥር ቆጥሮ ለ10 ማካፈል ነው የሚሻለው።

መልስ 11

አንድ ሰው ገጹ በ30 ሰከንድ እየተቋረጠበት መሆኑን ገልጾ፣ የጊዜ ገደቡን 0 አድርጎ ማንሳት መፍትሔ መሆኑን ጻፈ። ኮዱ ውስጥ ሉፑ ለምን እንደዘገየ ግን አልጠየቀም።

መልስ 12

ይህ የክሩ ስል መልስ ነው። አሥራ ሁለተኛው መላሽ ወንድሜ ብሎ ጀመረ፣ የተከተለው ግን ተግሣጽ ነው። የፒኤችፒ የጊዜ ገደብ በነባሪ 30 ሰከንድ የሆነው እንዲህ ያለውን ሉፕ ለመያዝ ነው፤ ገደቡን ማንሳት የሚጮኸውን ደወል መንቀል ነው ይላል። ከዚያ በሰርቨር ላይ የሚሆነውን አስረዳ። በብራውዘር ውስጥ የማይቆም ሉፕ የአንድ ሰው ታብ ያደርቃል። በሰርቨር ላይ ግን እያንዳንዱ ጥያቄ አንድ የፒኤችፒ ሠራተኛ ፕሮሰስ ይይዛል። ከኤፍፒኤም (እነዚህን ሠራተኞች ከሚያስተዳድረው ፕሮግራም) ጋር የሚመጣው የመነሻ ማዋቀሪያ ሠራተኞቹን 5 ያደርጋቸዋል። ገጹ አልከፍት ያለው ሰው አምስት ጊዜ ሪፍሬሽ ካደረገ አምስቱም ይያዛሉ፤ ሌሎች ገጾች ጤነኛ ቢሆኑም ሳይቱ በሙሉ ይቆማል። ዌብ ሰርቨሩ ኤንጂንኤክስ ከፊት ካለ በነባሪ 60 ሰከንድ ጠብቆ 504 (ጊዜው አለፈ የሚል ስህተት) ይመልሳል፤ ተጠቃሚው መልስ አገኘ፣ ከኋላ ያለው ሉፕ ግን ገደብ የለውምና መዞሩን ይቀጥላል።

ሉፑ በየዙሩ አሬይ ላይ የሚጨምር ከሆነ ከጊዜው በፊት የሚያልቀው ሚሞሪ ነው። ነባሪው ገደብ 128 ሜጋባይት ነው፤ መልእክቱ ላይ 134217728 ባይት ተብሎ ይጻፋል። ይህን ቁጥር በሎግ ያየ ሰው ገደቡን ከማሳደጉ በፊት የትኛው አሬይ እያበጠ እንደሆነ ይፈልግ።

መልስ 13

አስታራቂ ሆኖ ገባ። ምክሩ በድረ ገጽ ላይ ስህተት ቢሆንም፣ ከትእዛዝ መስመር ለሚሄድ ሥራ የጊዜ ገደብ አለመኖሩ የተለመደ ነው፤ ፒኤችፒ እዚያ በነባሪ ገደቡን 0 ያደርጋል። 100,000 መስመር ያለው ፋይል ወደ ዳታቤዝ ማስገባት ሲያስፈልግ ቦታው እዚያ ነው። ሥራውንም እንዲህ ያደራጃል፦ ኪዌሪውን ከሉፑ በፊት አንዴ ፕሪፔር ማድረግ (ማዘጋጀት)፣ በሉፑ ውስጥ ኤክሲኪውት (ማስፈጸሚያውን) ብቻ መጥራት፣ በየ1,000ው መስመር ትራንዛክሽኑን (አብረው የሚጸድቁ ለውጦችን) ኮሚት አድርጎ፣ ማለትም አጽድቆ፣ ሌላ መክፈት። ያለ ትራንዛክሽን እያንዳንዱ መስመር ለብቻው ኮሚት ይሆናል፤ የማይኤስኪውኤል ማከማቻ ኢኖዲቢ ደግሞ በነባሪው በየኮሚቱ ሎጉን እስከ ዲስክ ድረስ ያወርዳል። የሚያዘገየው ይህ ነው እንጂ የሉፑ ዓይነት አይደለም።

የ12ኛውን ማብራሪያም በአንድ ነገር አሟላው። በሊኑክስ ላይ የ30 ሰከንዱ ቆጠራ ኮዱ ራሱ የሠራበትን ጊዜ ነው የሚይዘው፤ ዳታቤዝ ሲጠበቅ ወይም በስሊፕ (ኮዱን ለጊዜው በሚያቆም ትእዛዝ) ሲታለፍ ያለፈው አይቆጠርም። ስለዚህ በየዙሩ ኪዌሪ የሚጠብቅ ሉፕ ከ30 ሰከንድ በላይ ሊቆይ ይችላል። ገደቡ አልሠራም ብለው ለሚገረሙ ምክንያቱ ይህ ነው።

መልስ 14

ፎርኢች ብቻውን ደህና ነው ለሚሉ ማስጠንቀቂያ ነው የጻፈው፤ የጠያቂው አቋም በራሱ ሜዳ የተፈተነው እዚህ ነው። የአሬይ ዋጋዎችን በሉፕ ውስጥ ለመለወጥ ከቫሪያብሉ ፊት የአምፐርሳንድ (&) ምልክት ይደረጋል፤ ቫሪያብሉ የዋጋው ቅጂ መሆኑ ቀርቶ የሳጥኑ ሌላ ስም ይሆናል። ሉፑ ሲያልቅ ያ ስም ከመጨረሻው ሳጥን ጋር እንደተሳሰረ ይቀራል። በአሬዩ 10፣ 20፣ 30 ቢኖርና ቀጥሎ ያለው ፎርኢች ያለ ምልክቱ በዚያው የቫሪያብል ስም ቢዞር፣ በመጀመሪያው ዙር 10 በመጨረሻው ሳጥን ይጻፋል፣ በሁለተኛው 20 ይጻፋል፣ በሦስተኛው ሳጥኑ ራሱን ያነባል። ውጤቱ 10፣ 20፣ 20 ነው። 30 ጠፋ፣ መልእክት የለም። ከመጀመሪያው ሉፕ ቀጥሎ ቫሪያብሉን አንሴት ማድረግ ይፈታዋል፤ ከዚያም የሚሻለው ምልክቱን ትቶ በቁልፉ አማካይነት አሬዩ ላይ መጻፍ ነው።

መልስ 15

አሥራ አምስተኛው ሉፕ ስለሚያወጣቸው ፎርሞች አነሳ። አንድ የዋጋ ማስተካከያ ገጽ ምሳሌ አድርጓል። ገጹ 300 ረድፍ፣ በየረድፉ 4 ማስገቢያ (የሚሞላ ሳጥን) ነበረው፤ በጠቅላላ 1,200 ማለት ነው። ፒኤችፒ በአንድ ፖስት (አንድ ፎርም ሲላክ) የሚቀበለው የማስገቢያ ቁጥር በነባሪ 1,000 ነው። ትርፎቹ 200 ይጣላሉ፤ ከ251ኛው ረድፍ ጀምሮ ያለው ለውጥ ሁሉ አይቀመጥም፣ ገጹ ግን ተቀምጧል ይላል። ማስጠንቀቂያው የሚገኘው በሎግ ውስጥ ብቻ ነበር። የማረጋገጫ ቶክኑ (ፎርሙ ከራሱ ገጽ መላኩን የሚያሳየው ምስጢራዊ ኮድ) በፎርሙ መጨረሻ ቢሆን ኖሮ እሱም ይጠፋ ነበር። ገደቡን ማሳደግ ይቻላል፣ በየገጹ 50 ረድፍ ማሳየት ግን ይሻላል።

ከዚህ ጋር የቼክቦክሱን ችግር ጨመረ። የማስገቢያዎቹ ስም በባዶ ማዕዘን ቅንፍ ሲያልቅ ፒኤችፒ በመጡበት ቅደም ተከተል ከ0 ይቆጥራቸዋል። ምልክት ያልተደረገበት ቼክቦክስ ግን ከብራውዘሩ አይላክም። ስለዚህ የ3ኛው ረድፍ ቼክቦክስ በ2ኛው ቦታ ይገባና የሌላ ዕቃ ይሰረዛል። በቅንፉ ውስጥ የዕቃውን መለያ ቁጥር ማስገባት ይህን ሙሉ በሙሉ ያስቀረዋል። በሉፕ ቼክቦክስ የሚያወጣ ሁሉ ይህችን አንድ ነገር ቢይዝ ብዙ ዳታ ይድናል።

መልስ 16

ከርዕሱ ወጣ ያለ ቢሆንም በአማርኛ ለምንሠራ የሚጠቅም ነው። ቃልን በፎር ሉፕ ፊደል በፊደል ለማውጣት የሞከረ ሰው የጥያቄ ምልክት ያለባቸው ጥቁር ምልክቶች እንዳየ ጠይቆ ነበር። መላሹ ራሱ ጠይቆ ራሱ ነው የፈታው። የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ 8 (የፊደል ማስቀመጫ ሥርዓት) አንዱ 3 ባይት ይይዛል፤ ርዝመት የሚለካው ስትርሌን ባይት ስለሚቆጥር ሰላም ለሚለው ቃል 9 ይላል። ሉፑም 9 ዙር ዞሮ በየዙሩ የፊደል ሲሶ ያወጣል። ቃሉን በኤምቢ ስትር ስፕሊት ወደ አሬይ ለውጦ በፎርኢች መዞር ነው የሚበጀው፤ ይህ ፈንክሽን ከፒኤችፒ 7.4 ጀምሮ አለ። በእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ የተፈተነ ኮድ ይህን ስህተት አያሳይም፤ አንዱ ፊደል አንድ ባይት ስለሆነ ሁሉም ትክክል ይመስላል።

መልስ 17 እና 18

አሥራ ሰባተኛው ትዕግሥቱ አልቆበት መጣ። ይህ ሁሉ ያረጀ ነገር ነው፣ ጀማሪው ላራቬል (የፒኤችፒ ፍሬምወርክ፣ ማለትም ዝግጁ የሥራ ማዕቀፍ) ቢማር ሉፕን በእጁ አይነካም ነበር የሚል ነው ሐሳቡ። አሥራ ስምንተኛው በዚያው ድምፅ መለሰለት፦ የላራቬል ገጽ ማውጫ የሆነው የብሌድ ቴምፕሌት ፎርኢች ሲሠራ ወደ ፒኤችፒ ፎርኢች ነው የሚለወጠው፤ በመልስ 6 የተነገረው የ51 ኪዌሪ ችግርም በፍሬምወርክ ውስጥ ይብሳል እንጂ አይጠፋም። ምድቡ እንደ ንብረት በቀስት ስለሚጠራ በሉፑ ውስጥ ኪዌሪ መኖሩ በዓይን አይታይም፤ አስቀድሞ ዊዝ ብሎ አብሮ ማስጫን ያስፈልጋል። ሁለቱ ሁለት ሁለት ጊዜ ተመላለሱ፤ ከቁም ነገሩ ያለፈውን ትቼዋለሁ።

መልስ 19

ጠያቂው ተመለሰ። ፎሩን በፎርኢች ቀይሯል፣ የምድቡን ስም በጆይን አምጥቷል፣ ከገጹ ጠፍተው የነበሩት ሦስት ዕቃዎችም ታይተዋል፤ መጥፋታቸውን ያወቀው መልስ 2ን ካነበበ በኋላ ነው። አቋሙንም አሻሻለ። ለገጽ ቁጥሮቹ ፎር አስፈልጎታል፤ መጀመሪያ መማር ያለበት ፎርኢች ነው ወደሚል ዝቅ አደረገው። የታረመውን ኮድ ለጥፎ ስህተት ካለ እንዲነግሩት ለመነ።

መልስ 20

ኮዱን ያየው የመልስ 2 ባለቤት ነው፤ ሁለት ነገር አገኘ። የዕቃው ስም ከዳታቤዝ እንደመጣ በቀጥታ ይታተማል። በስሙ ውስጥ የማዕዘን ምልክት ወይም ስክሪፕት ካለ ብራውዘሩ እንደ ኮድ ያነበዋል፤ በሉፕ ውስጥ ያለ አንድ ቀዳዳ ደግሞ በ50 ረድፍ ይባዛል። እያንዳንዱ ዋጋ እነዚህን ምልክቶች ወደ ተራ ጽሑፍ በሚለውጠው በኤችቲኤምኤል ስፔሻል ቻርስ አልፎ ይውጣ፤ ከፒኤችፒ 8.1 በፊት ነጠላ ጥቅስን በነባሪ ስለማይለውጥ በቆየ ሰርቨር ላይ ኢኤንቲ ኩዎትስ የሚለው ምርጫ መጨመር አለበት። ሌላው፣ ዕቃ ከሌለ ፎርኢቹ አንድም ዙር ሳይዞር ያልፋል፣ ገጹ ላይ የሠንጠረዡ ራስጌ ብቻውን ይቀራል። አሬዩ ባዶ መሆኑ የሚፈተሸው ከሠንጠረዡ መክፈቻ በፊት ነው፤ ባዶ ከሆነ ሠንጠረዡ ሳይከፈት ዕቃ የለም የሚል መስመር ይውጣ።